ከለንደን በባቡር የሚደረስ የገጠር ሩጫ፦ አትክልት፣ ጫካና ኮረብታ ያለው መንገድ ጠቁሙኝ

ሰላም_ከደቡብ_ለንደን
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። አስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር እሮጣለሁ። አሁን ከከተማው ወጥቼ ገጠሩን መሮጥ እፈልጋለሁ፤ መኪና ግን የለኝም። እሑድ ጠዋት በባቡር ሄጄ፣ ከ12 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ ለምሳ ቤቴ የሚያደርሰኝ መንገድ የቱ ነው? ኢንተርኔት ላይ ፎቶው ሁሉ ያምራል፤ የትኛው ለጀማሪ እንደሚሆንና የትኛው ጭቃ ውስጥ እንደሚጨምር ግን የሚናገር የለም። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ስለምጀምር አበባ ቢኖርበት ደስ ይለኛል። ጫማዬ ተራ የአስፋልት ጫማ ነው።

ጋሽ_ዳገቱ
እህቴ፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት አፈሩን ጠይቂ። በደቡብ እንግሊዝ የሩጫው ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ከለንደን ወደ ደቡብ ስትወርጂ መጀመሪያ የምታገኚው ኖርዝ ዳውንስ የሚባለውን የጠመኔ ኮረብታ ነው። ጠመኔ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል፤ ላዩ ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። አናቱ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ባልጩት የተቀላቀለበት ሸክላ አፈር ለብሷል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ ዳገቱን በደረቅ መሬት ይወጣና ሜዳው ላይ ሲደርስ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይሰምጣል። ከዚያ ወደ ደቡብ ግሪንሳንድ የሚባለው አሸዋማ ሸንተረር ይመጣል። ሊዝ ሂል የሚባለው ኮረብታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ስለማይቋጥር ጃንዋሪ ውስጥም ይሮጥበታል። ከሸንተረሩ ወዲያ የዊልድ ሸክላ ሜዳ አለ። መረሬ ላይ በሐምሌ የሄደ ሰው ስለዚህ ሜዳ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች ተይው።

ስለዚህ በብርዱ ወራት አሸዋማውን፣ በበጋ ጠመኔውን፣ ዝናቡ አላቆም ካለ ደግሞ የተደለደለ የፓርክ መንገድ ምረጪ።

ዳገቱንም ቁጠሪው። በየ100 ሜትር ከፍታው ሜዳ ላይ 800 ሜትር እንደጨመርሽ አስቢ። 12 ኪሎ ሜትር መንገድ 300 ሜትር ዳገት ካለው እግርሽ የሚከፍለው የ14.4 ኪሎ ሜትር ዋጋ ነው፤ ያውም ጭቃው ሳይታሰብ። የአስፋልት ፍጥነትሽን ይዘሽ ከገባሽ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ታልቂያለሽ። ሰዓቱን ትተሽ በትንፋሽሽ ሂጂ፤ ዳገት ላይ መናገር ካቃተሽ ተራመጂ። ነውር የለውም፣ ሁሉም ይራመዳል።

የዊንዘር_ጥላ
ለመጀመሪያ ቀን ከዊንዘር ወደ ቨርጂንያ ዎተር የሚወስደውን ነው የምመክረው። አትክልቱም፣ ጫካውም፣ ሐይቁም በአንድ መስመር ላይ ናቸው፣ በአስፋልት ጫማም ይሄዳል።

ከዋተርሉ ወደ ዊንዘር ኤንድ ኢተን ሪቨርሳይድ ጣቢያ ትሄጃለሽ። ከተማውን አልፈሽ ሎንግ ዎክ ላይ ትገቢያለሽ፤ ከቤተ መንግሥቱ በር ተነስቶ 4.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ግራና ቀኙ በዛፍ የታጠረ መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ስኖው ሂል አጭር ዳገት ናት፤ አናቷ ላይ የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የፈረስ ሐውልት አለ። መሀል ላይ የአጋዘኑ ክልል በር አለ፣ ከኋላሽ መዝጋት አትርሺ።

ከሐውልቱ ወደ ሳቪል ጋርደን አቅጣጫ ውረጂ። ሳቪል ጋርደን በክፍያ ነው፣ ዙሪያውን እለፊው። ቀጥሎ ያለው ቫሊ ጋርደንስ ግን ለእግረኛ ነጻ ነው። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ አዛሊያና ሮዶዴንድሮን የሚባለው አበባ በየቀለሙ ይፈነዳል፤ ፓንች ቦውል የሚባለው ጎድጓዳ ቦታ ዋናው ነው። ውስጡ መንገዱ ይጠላለፋል። ከጠፋብሽ ቁልቁል ውረጂ፣ ሁሉም ሐይቁ ላይ ያደርስሻል። ሐይቁን ሙሉ በሙሉ መዞር ብቻውን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹን ዞረሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከወጣሽ ቨርጂንያ ዎተር ጣቢያ ሩቅ አይደለም። ጠቅላላው እንደ አዟዟርሽ ከ15 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቁ ዳር ከሊቢያ፣ ከሌፕቲስ ማግና፣ የመጡ የሮማውያን ዓምዶች ቆመዋል፤ ለውሃ መጠጫ ዕረፍት ጥሩ ሰበብ ናቸው።

ባቡሩም ይመቻል። ሁለቱም መስመር ስቴንስ ላይ ስለሚገናኝ በሌላ ጣቢያ ወርደሽ በሌላ መመለስ አያስቸግርም።

ጭቃ_ወዳጅ
ዊንዘር ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ፓርክ እንጂ ገጠር አይደለም። ሎንግ ዎክ ላይ 4 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ እያዩ መሮጥ እኔን ያሰለቸኛል። ኮረብታ ለሚል ሰው ቦክስ ሂል ነው መልሱ።

ከቪክቶሪያም ከዋተርሉም ወደ ቦክስ ሂል ኤንድ ዌስትሃምብል ጣቢያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደረሳል። ከጣቢያው ወደ ምዕራብ፣ በዌስትሃምብል መንደር አድርገሽ ወደ ፖልስደን ሌሲ ሂጂ። የናሽናል ትረስት (ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው በጎ አድራጎት ድርጅት) ግቢ ነው፤ የጽጌረዳ አትክልቱ በክፍያ ሲሆን ዙሪያው ያለው ጫካና የግጦሽ መስክ ክፍት ነው። ከዚያ ሸለቆውን ተሻግረሽ ወደ ራንሞር ኮመን ትወጫለሽ። የቅዱስ በርናባስ ቤተ ክርስቲያን ሹል ማማ ምልክት ይሁንሽ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኋላ የኖርዝ ዳውንስ ዌይን ምልክት ይዘሽ በዴንቢስ የወይን እርሻ በላይ በኩል ቁልቁል እስከ ኤ24 ጎዳና ትወርጂያለሽ፤ በጎዳናው ጠርዝ ወደ ሰሜን ስትመለሺ ጣቢያሽ ነው። ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብሉቤል የሚባለው አበባ በጫካው ውስጥ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ምድሩን ሰማያዊ ያደርገዋል።

ጉልበት ከተረፈሽ ጎዳናውን ተሻግረሽ ቦክስ ሂልን ጨምሪበት። ሞል ወንዝ ላይ 17 የመረገጫ ድንጋዮች አሉ፣ ከዚያ ደረጃው ይጀምራል።

ጋሽ_ዳገቱ
ጭቃ ወዳጅ፣ ያልከው ዙር ጥሩ ነው፤ ግን ልጅቷ በአስፋልት ጫማ ነው የምትሄደው። ራንሞር አናቱ ላይ ያው የነገርኳችሁ ሸክላ ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለአንድ ሳምንት ካልዘነበ ይቻላል፤ ከዘነበ ቁልቁለቱ ላይ በመቀመጫዋ ነው የምትወርደው።

ስለ ቦክስ ሂል ሦስት ነገር እጨምራለሁ። የመረገጫ ድንጋዮቹ ከከባድ ዝናብ በኋላ በውሃ ይሸፈናሉ። ጫፋቸው ቢታይም አትሞክሪው፣ አጠገቡ የእግረኛ ድልድይ አለ። ደረጃው ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጫለሽ፤ መሮጡን ትተሽ ጉልበትሽን በእጅ እየገፋሽ ተራመጂ። ኤ24 ደግሞ መኪና በፍጥነት የሚበርበት ባለ ሁለት አቅጣጫ ጎዳና ነው፤ በርፎርድ ብሪጅ በኩል ከሥሩ የሚያልፍ የእግረኛ መተላለፊያ ስላለ በዚያ ሂጂ።

እሑድ ከቀትር በፊት ወደ ቦክስ ሂል የሚወጣው ዚግዛግ ሮድ በብስክሌት ይሞላል። በ2012 ኦሎምፒክ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ያለፈበት መንገድ ስለሆነ ሁሉም ራሱን እዚያ ይፈትናል። በአስፋልቱ ላይ ቁልቁል መሮጥ አይመከርም።

ሰላም_ከደቡብ_ለንደን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ሌሎቻችሁም። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ፖልስደን ሌሲ፣ ወይን እርሻ፣ የግጦሽ መስክ... እነዚህ ሁሉ የሰው መሬት አይደሉም? «ፕራይቬት» የሚል ምልክት ሳይ ልመለስ ወይስ ልቀጥል?

ካርታ_አንባቢ
የሰው መሬት ናቸው፤ ግን በላያቸው ላይ የሕዝብ የማለፊያ መብት ያለባቸው መንገዶች ተመዝግበዋል። ባለመሬቱ መንገዱን መዝጋት አይችልም፣ አንቺም ከመንገዱ መውጣት የለብሽም። «ፕራይቬት» የሚለው ምልክት ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስላለው መሬት ወይም ስለ መኪና ነው።

ምሰሶ ላይ ያለውን የቀስት ቀለም እዪ። ቢጫ የእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ ብራይድልዌይ ነው፣ ፈረስና ብስክሌትም ይሄድበታል። ቀይ ከሆነ መኪናና ሞተር ብስክሌትም ሊመጣ ይችላል። ከቀስቱ ጋር የኦክ ፍሬ ሥዕል ካለ እንደ ኖርዝ ዳውንስ ዌይ ያለ ብሔራዊ ረጅም መንገድ ላይ ነሽ። ለጀማሪ አንድ ጥቆማ፦ ሰማያዊ ቀስት ሰፊና ለመከተል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፈረስ ስለሚረግጠው በእርጥብ ወራት ከቢጫው የባሰ ይቦካል።

ካርታው የኦርድናንስ ሰርቬይ (የአገሪቱ የካርታ ድርጅት) 1፡25,000 ይሁን፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ኤክስፕሎረር። 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ለቦክስ ሂልና ዶርኪንግ ቁጥር 146 ነው። አረንጓዴ አጭር ሰረዝ የእግረኛ መንገድ፣ አረንጓዴ ረጅም ሰረዝ ብራይድልዌይ ነው። ጥቁር ሰረዝ ግን መንገድ መኖሩን እንጂ መብት መኖሩን አይነግርሽም። የስልክ መተግበሪያዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎች ሯጮች ያለፉበትን መስመር ይከተሉና የሰው ጓሮ ውስጥ ይከቱሻል። መስመሩን ከቤት አውርደሽ፣ በአረንጓዴው ሰረዝ አስተያይተሽ ውጪ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

መንገዱ በታረሰ ማሳ መሀል የሚያልፍ ከሆነና ካልታየሽ፣ ዳሩን መዞር ግዴታሽ አይደለም። ገበሬው ለዘር ማረስ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መንገዱን መልሶ ማበጀት አለበት፣ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት። ካርታው የሚያሳየውን መስመር ይዘሽ ቀጥ ብለሽ እለፊ።

ጭቃ_ወዳጅ
በር እንዳገኘሽው ተዪው። ተዘግቶ ካገኘሽው ዝጊው፣ ተከፍቶ ካገኘሽው ክፍቱን ተዪው፤ ከብቱ ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ይሆናል።

ከብት_አርቢ_የልጅ_ልጅ
ከብት ካነሳችሁ አይቀር። እዚህ አገር ላም ሜዳ ላይ ከኤፕሪል ጀምሮ ትወጣለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነጥጃዋ። በላምና በጥጃ መሀል ፈጽሞ አትግቢ። መስኩ ውስጥ ስትገቢ ሩጫውን አቁመሽ ተራመጂ፣ መንገዱ በመንጋው መሀል የሚያልፍ ከሆነ ራቅ ብለሽ ዙሪ። ለደህንነት ከመንገዱ መውጣት ችግር የለውም። ወይፈኖች በጉጉት ተሯሩጠው ይመጣሉ፤ መሸሽ ያባብሳቸዋል። ዞረሽ እያቸው፣ እጅሽን ዘርግተሽ ድምፅ አሰሚ፣ ቀስ ብለሽ ወደ በሩ ሂጂ። ከጓደኛ ውሻ ጋር የምትሮጪ ከሆነና ከብቱ ከተነሳ ውሻውን ልቀቂው፤ እሱ ይድናል፣ እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ኮርማ ብታዪ አትደንግጪ። ሕጉ ከ10 ወር በላይ የሆነ የወተት ዝርያ ኮርማ የሕዝብ መንገድ ያለበት መስክ ላይ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። የሥጋ ዝርያ ኮርማ ግን ከላሞች ወይም ከጊደሮች ጋር ሆኖ ይፈቀዳል። ከሴቶቹ ጋር ሲሆን ረጋ ይላል።

ፈረስ ከኋላ ከደረስሽበት ከሩቅ «ሄሎ» በይ፣ ወደ እርምጃ ውረጂ። ፈረስ የሚደነግጠው ሰው መሆንሽን ሳያውቅ ስትደርሺበት ነው።

መዥገር_ነቃይ
ማንም ያላነሳው መዥገር ነው። ከማርች እስከ ኦክቶበር በረጅም ሣርና በፈርን ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠብቃል። ሪችመንድ ፓርክን ጨምሮ አጋዘን ባለበት ሁሉ አለ። ትንሿ መዥገር የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው፤ ስለዚህ ከሩጫ በኋላ ሻወር ስትገቢ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የካልሲ መስመር፣ የፀጉር ሥር በጣት ዳስሺ። ካገኘሽ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አጣብቀሽ ያዢና ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ። መጨፍለቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በእሳት ማቃጠል የለም።

በመዥገር ንክሻ የሚተላለፈውን «ላይም» (Lyme) የተባለ በሽታ ሁሉም መዥገር አይሸከምም። ግን ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ (እስከ 3 ወርም ሊቆይ ይችላል) እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ ከታየ ጂፒ (የሰፈርሽ ሐኪም) ጋ ሂጂ። በጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታው እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ደብዛዛ ወይም ቆዳ የተመታ ሊመስል ይችላል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ከተጨመረ መዥገር እንደነከሰሽ ራስሽ ንገሪያቸው፣ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ።

ሳማውም የአገራችን ዘመድ ነው። ከጁን በኋላ ጠባቦቹ የእግረኛ መንገዶች በሳማና በእሾህ ይዘጋሉ፤ ረጅም ታይት ወይም ረጅም ካልሲ ልበሺ።

ሰላም_ከደቡብ_ለንደን
መዥገሩ አስፈራኝ እንጂ ሌላው ተመችቶኛል። ስለ ጫማስ? ገንዘብ ማውጣት ግድ ነው?

ጋሽ_ዳገቱ
ለዊንዘር ግድ አይደለም። ለሪችመንድ ፓርክም እንዲሁ፤ ታምሲን ትሬይል ፓርኩን በ11.6 ኪሎ ሜትር ይዞራል፣ ጠጠር የፈሰሰበት ነው። በሳምንቱ መሀል እዚያ ተለማመጂ። ኢዛቤላ ፕላንቴሽን የሚባለው አትክልትም እዚያው ውስጥ ነው፣ አዛሊያው ከዊንዘሩ ጋር በአንድ ጊዜ ያብባል፤ በጠባቦቹ መንገዶች ላይ ግን ሰው ስለሚበዛ ተራመጂ። ከአጋዘኖቹ ቢያንስ 50 ሜትር ራቂ፤ ከሜይ እስከ ጁላይ እናቶቹ ግልገል ይደብቃሉ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ደግሞ ወንዶቹ ይዋጋሉ።

ለኖርዝ ዳውንስ ግን የትሬይል (የገጠር መንገድ መሮጫ) ጫማ ግዢ። የሶሉ ጥርስ ጥልቀት ዋናው ነው። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ለደረቅ ጠመኔና ለጠጠር፣ ከ5 እስከ 6 ለጭቃ። ሁሉን ልሥራ የሚል 4ና 5 መሀል ይያዝ። 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይዘሽ ከጣቢያው ጀምሮ አስፋልት ከሮጥሽ ጥርሱ ይበላል፣ ባትሽም ይቆጣል። ባልጩት ስለታም ስለሆነ በጣም ስስ ሶል አይሁን። ቁልቁለት ላይ ጣትሽ ፊቱን እንዳይመታ የአውራ ጣት ስፋት ክፍተት ይኑረው፤ ጥፍር የሚጠቁረው ጫማ ስለጠበበ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ጋ ማሰሪያው ስለላላ እግር ወደፊት ሲንሸራተት ጭምር ነው። የላይኛውን ቀዳዳ ተጠቅመሽ ተረከዝሽን ቆልፊው።

ውሃ የማያስገባ የሚባለውን ጫማ አልወደውም። ውሃው በላይ በኩል ይገባና መውጫ ያጣል። ከሱፍ የተሠራ ካልሲ ይሻላል፣ ቢረጥብም ያሞቃል።

የዊንዘር_ጥላ
በዚህ አልስማማም ጋሼ፤ በጠዋት ጤዛ ሣር ላይ ለአንድ ሰዓት ውሃ የማያስገባው እግርን ያደርቃል። ኩሬ ውስጥ ለሚገባ ሰው ግን ልክ ነዎት።

ባዝ_ነዋሪ
ምዕራብ ያላችሁ ወይም ቅዳሜና እሑድ ለማደር የምትመጡ፣ ባዝ ስካይላይንን አትርሱ። ከተማውን ከላይ የሚዞር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀለበት ነው፤ መስክ፣ ቢች (beech) የሚባል ዛፍ ጫካ፣ እንደገና መስክ። ከጣቢያው ወደ ባዝዊክ ሂል የሚያወጣው ዳገት ከቀለበቱ ሁሉ የከበደ ነውና በእሱ አትፍረዱ። ዝናብ ሲዘንብ የሚንሸራተተው የጫካው ቁልቁለት ላይ ያለው ሥርና የኖራ ድንጋይ ነው። ፕራየር ፓርክ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ድልድይ ያለበት አትክልት፣ መንገዱ አጠገብ ነው፣ በክፍያ።

በሌላው የከተማው ጫፍ፣ ኒውብሪጅ ሰፈር ውስጥ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 (እ.ኤ.አ.) በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ አለ። በኋላ ለከተማው በስጦታ ሰጥተውታል። ከስካይላይኑ ጋር በአንድ ሩጫ ማጣመር ርቀቱን ያበዛዋል፤ ሮጣችሁ ታጥባችሁ በአውቶቡስ ሂዱ። ክፍት የሚሆንበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የዊንዘር_ጥላ
ይህ ከተነሳ፣ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1879 (እ.ኤ.አ.) በ18 ዓመቱ ካረፈ በኋላ የተቀበረው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ማየት የሚፈልግ ሩጫውን ቅዳሜ ያድርገውና ልብስ ይዞ ይምጣ፤ የቤተ መንግሥቱ መግቢያ በትኬት ነው፣ ትልቅ ቦርሳም አያስገቡም።

አቧራ_ኮቴ
ሰቨን ሲስተርስስ? ከሲፎርድ እስከ ኢስትቦርን፣ የባሕር ገደል ላይ።

ጋሽ_ዳገቱ
ለሰላም ገና ነው። 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ዳገትና ቁልቁለቱ አያቋርጥም፣ ንፋሱ ከፊት ከመጣ ደግሞ በእጥፍ ይቆጠራል። ካክሜር ወንዝን አፉ ላይ መሻገር አይቻልም፤ ወደ ውስጥ ገብታችሁ በኤክሲት ድልድይ ዙሩ። ከገደሉ ጠርዝ ራቁ፤ ጠመኔው ከሥሩ በባሕር ተበልቶ ላዩ ሣር የለበሰ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። በሁለቱም ጫፍ ባቡር መኖሩ ነው ደጉ ነገር። የንፋሱን አቅጣጫ አይታችሁ ከየትኛው ጫፍ እንደምትነሱ ወስኑ።

ሰላም_ከደቡብ_ለንደን
እሺ፣ ወሰንኩ። መጀመሪያ ዊንዘር፣ ጫማ ስገዛ የፖልስደኑን ዙር። ሊዝ ሂልን ለብርዱ ወራት አስቀምጣለሁ። ብሉቤል ጫካ ውስጥ ስገባ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ? ምንስ ልያዝ?

ካርታ_አንባቢ
ብሉቤል ላይ ከተረገጠው መንገድ አትውጪ፣ ለፎቶም ቢሆን። ቅጠሉ ከተጨፈለቀ ተክሉ ለሚቀጥሉት ዓመታት ምግብ ማከማቸት ያቅተዋል። ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ከነሥሩ መንቀል ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። በክፍያ የሚገባባቸው አትክልቶች ውስጥ መሮጥ አይወደድም፤ ውጭ ሮጠሽ፣ ውስጥ በእርምጃ ጎብኚ።

ለሁለት ሰዓት ሩጫ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ ቀጭን የንፋስ ጃኬት፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ፊሽካና የባንክ ካርድ ይበቃል። አደጋ ቢደርስ በደቂቃ 6 ጊዜ ፊሽካ መንፋት የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ 999ን በጽሑፍ መልእክት ማግኘት ይቻላል፤ ግን ስልክሽ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፦ «ሬጂስተር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ወደ 999 ላኪና የሚመጣውን መመሪያ ተከተዪ። ዛሬውኑ አድርጊው።

ጭቃ_ወዳጅ
ባቡሩን አርብ ማታ አረጋግጪ። እሑድ የሐዲድ ጥገና ይበዛል፣ በአውቶቡስ ተተክቶ አንድ ሰዓት ይጨምርብሻል። ሊዝ ሂል ስትሄጂ ደግሞ ካርታ ላይ ሆልምዉድ ጣቢያ ቅርብ ሆኖ ታዪዋለሽ፤ እሑድ ባቡር አይቆምበትም። ከዶርኪንግ ተነሺ። ዲሴምበር ከሆነ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት (በፈረንጅ 4 ፒኤም) ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ጫካው ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። ቢዘገይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ 10 ኤኤም) መንገድ ላይ ሁኚ፣ የግንባር መብራትም ያዢ።

ጋሽ_ዳገቱ
ሊዝ ሂል 294 ሜትር ነው፤ በ1765 የተሠራው ማማ አናት ላይ ስትወጪ ግን ከባሕር ወለል 1,000 ጫማ ታልፊያለሽ። ከዶርኪንግ ደርሶ መልስ ከ18 ኪሎ ሜትር አያንስም። የግሪንሳንድ ዌይን ምልክት ተከተዪ፣ ማማው ሥር ሻይና ኬክ የሚሸጥባት ትንሽ መስኮት አለች። ጥሬ ገንዘብና ካርድ ሁለቱንም ያዢ።